ከሰባት ቤት ቆጠራው በኋላ

ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና እንደሌላችሁ ካረጋገጡ በኋላ፣ «የልጁ ታላቅ ወንድም እኮ ጤነኛ አይደለም» የሚል ወሬ መጥቶ ነገሩን እንዳደፈረሰው ሰማሁ። ሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ መሆኑን አንቺው ነግረሽኛል። በአዋላጅ ነርስነት ያረጀሁ አክስትሽ ነኝ፤ አግቢው ወይም ተዪው አልልሽም። የማውቀውን ግን ልንገርሽ፤ ሳትፈሪም ሳትታለዪም እንድትወስኚ።

1. «በዘር ይሄዳል» ያሉሽ ሰዎች አልዋሹም። የነገሩሽ ግን ግማሹን ብቻ ነው። በአሜሪካ ኦሪገን የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመ ጥናት አለ። ሌናርድ ሄስተን የሚባሉ ሐኪም ይህ ሕመም ካለባቸው እናቶች ተወልደው ወዲያው ተለይተው በሌላ ሰው እጅ ያደጉ 47 ልጆችን ተከታተሉ። 5ቱ ታመሙ። ጤነኛ እናት ከነበሯቸው 50 ልጆች መካከል ግን አንድም አልታመመም። እንግዲህ ዘር ኃይል አለው። ቢሆንም ከ47ቱ 42ቱ በዚህ ሕመም አልተያዙም። በዘር ፍጹም አንድ የሆኑ መንትዮች እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው ሳይታመም የሚቀርበት ጊዜ ይበልጣል።

ቁጥሩን ያዢው። ከማንኛውም ሕዝብ ከ100 ሰው 1 ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ በሕይወት ዘመኑ ይህ ሕመም ይገጥመዋል። ኧርቪንግ ጎተስማን የአውሮፓን ጥናቶች አሰባስበው ባሰሉት መሠረት ለታማሚ እህትና ወንድም ከ100 9፣ ለታማሚ ልጅ 13፣ ለታማሚ የወንድም ወይም የእህት ልጅ 4 ነው። በኋላ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች አንዳንዱን ዝቅ አድርገውታል። አንቺ የምትወልጂው ልጅ ለታመመው ሰው የወንድም ልጅ ነው፤ የሚመለከትሽ ቁጥር እንግዲህ 4 ነው። እጮኛሽ ራሱስ? 34 ዓመቱ ነው ብለሽኛል። ሕመሙ ወንዶችን የሚጀምራቸው በአብዛኛው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ስለሆነ፣ ለእሱ ዋናው የሥጋት ዕድሜ አልፏል።

2. ዘረመል መርምረን እንነግርሻለን ለሚሉ ገንዘብሽን አትስጪ። አንድ ለይተው የሚያወጡት «የእብደት ዘረመል» የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ትልቅ ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ሥፍራዎችን ለይቷል፤ እያንዳንዱ ለብቻው የሚጨምረው ሥጋት ኢምንት ነው። አንቺም እኔም ከእነሱ ብዙዎቹን ተሸክመን እንዞራለን። ደግሞም እስካሁን የተጠኑት ሰዎች አብዛኞቹ አውሮፓውያን ናቸው። ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ዩጋንዳንና ደቡብ አፍሪካን ያቀፈው ኒውሮጋፕ የሚባለው ጥናት የተጀመረው ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ለይተሽ ጠይቂ። ከ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ትንሽ ቁራጭ ጎድሎባቸው የሚወለዱ ሰዎች አሉ፤ ከነሱ ከ4 አንዱ ገደማ በዚህ ሕመም ወይም በሚመስለው ይያዛል። ብዙውን ጊዜ አብሮት የልብ ችግር ወይም የላንቃ መሰንጠቅ ይኖራል። የእጮኛሽ ወንድም በሕፃንነቱ እንዲህ ያለ ነገር ከነበረበት ለሐኪም ንገሩ። ካልነበረበት ተዪው።

3. የሰው ቤት ከቆጠርን የራሳችንንም እንቁጠር። የአያትሽ ታናሽ ወንድም «ገዳም ገቡ» ሲባል ነው ያደግሽው። የገቡት ታስረው ነው፣ ለጠበል፤ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ እየሰሙ ከቤተሰብ ጋር መኖር አቅቷቸው ነበር። የሕመማቸውን ስም ያኔ የጠየቀም፣ የነገረንም የለም። ይህን ለሽማግሌዎቹ ብትነግሪያቸው አልቆጣም።

4. እዚህ ላይ ልቆይ፤ ሙያዬ ነውና። ዘርሽን መለወጥ አትችዪም፣ እርግዝናሽን ግን መጠበቅ ትችያለሽ።

እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ሆላንድ የሚገባውን ምግብ ዘጉ። በዚያ ክረምት የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። ረሃቡ በከፋባቸው ወራት የተፀነሱ ልጆች አድገው ሲጠኑ በስኪዞፍሬኒያ የተያዙት እጥፍ ያህል ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 በነበረው የቻይና ረሃብ የተወለዱትም በአንሁይ ግዛት ተጠንተው ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ። እጥፍ ማለት ግን ከ100 አንድ የነበረው ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ በረሃብ ከተፀነሱትም አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። ደግሞ ጾም ረሃብ አይደለም፤ ሽሮና ምስር ማንንም አላሳበዱም። ነፍሰ ጡር ሆኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ መዋል ግን ሌላ ነገር ነውና የንስሐ አባትሽን ቀድመሽ አማክሪያቸው።

ፎሊክ አሲዱን ከመፀነስሽ በፊት ጀምሪ። እሱ የታወቀው በሕፃኑ አከርካሪና አንጎል አፈጣጠር ላይ የሚደርስ ጉዳትን በመከላከል ነው፤ ስኪዞፍሬኒያን ያስቀራል ብሎ የሚምልልሽን ሰው ግን አትመኚ።

የደም ዓይነትሽን እወቂ። አርኤች ኔጋቲቭ ሆነሽ የልጁ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ፣ እኛ ሾተላይ የምንለው ችግር በሚቀጥሉት ልጆች ላይ ሊመጣ ይችላል። በዴንማርክ በተደረገ ጥናት ደማቸው ከእናታቸው ደም ጋር ያልተስማማ ወንዶች ልጆች በኋላ በስኪዞፍሬኒያ የተያዙት ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ነበሩ። ይህ ችግር መርፌ ያለው ነው፤ በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ከዚያም በወለድሽ በ72 ሰዓት ውስጥ ይወጋል። ሰዓቷን እንዳታሳልፊ።

የእርግዝና ደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ ምጥ ተራዝሞ ሕፃኑ ኦክስጅን ማጣቱ፣ ክብደቱ አንሶ መወለዱ፣ እነዚህም ሥጋቱን በመጠኑ ከሚጨምሩት ተርታ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ክትትሉ ቢያንስ 8 ጊዜ ይሁን ይላል። ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ፣ ወይም ፊትሽ ካበጠ፣ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ የዚያኑ ቀን ሂጂ። ኦፕራሲዮን ያለበት ቦታ ውለጂ። ይህን ሁሉ የምልሽ ለስኪዞፍሬኒያ ብቻ አይደለም፤ ለራስሽም ነፍስ ነው።

5. የአባትም ዕድሜ ይቆጠራል። በኢየሩሳሌም የተወለዱ ልጆች ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2001 እንደታየው፣ አባታቸው 50 ዓመት ካለፈ በኋላ የወለዳቸው ልጆች ሥጋት ከ25 ዓመት በታች የሆነ አባት ከወለዳቸው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የወንድ ዘር በየጊዜው እየተባዛ የሚቀዳ ስለሆነ ስህተት ይጠራቀምበታል። በእኛ አገር የ55 ዓመት ሰው ልጃገረድ ሲያገባ እልል ይባላል፤ ልጁ ከታመመ የምትጠየቀው ግን እናት ናት።

6. ወደ አማትሽ ልለፍ። «ታላቁን ልጅ ሲያረግዙ ምን ሆነው ነበር?» ብለሽ እንዳትጠይቂያቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፍሪዳ ፍሮም-ራይክማን የተባሉ ታዋቂ ሐኪም ልጅን በዚህ ሕመም የሚያስይዝ የእናት ባሕርይ አለ ብለው ጻፉ፤ ብዙ እናቶችም ለዓመታት በጥፋተኝነት ተቃጠሉ። ማስረጃ አልተገኘለትም። እኛ ዘንድ ደግሞ እናትየዋ በቀትር ወንዝ ወርደው፣ ጥላ ወጊ አይቷቸው ይባላል። ይህ ሕመም በአንድ ምክንያት ብቻ አይመጣም፤ ብዙ ጥቃቅን ነገር ተደራርቦ ነው፣ የተደራረበውንም ማንም ሐኪም ወደ ኋላ ተመልሶ ለይቶ ሊያወጣው አይችልም።

7. ልጅሽ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ሲሞላው ጋንጃ እንዳይነካ ጠበቅ አድርገሽ ተቆጣጠሪ፤ በቤተሰብ ሥጋት ላለበት ወጣት ሕመሙን የመቀስቀስ አቅም አለው። ከጓደኛ መሸሽ፣ ትምህርቱ በድንገት መውረድ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ «ስለ እኔ ያወራሉ» ማለት ከታየበት «ዕድሜው ነው» ብለሽ አትለፊው። ቶሎ የተጀመረ ሕክምና ዘግይቶ ከተጀመረው ይሻላል። ጠበልም ከፈለግሽ ውሰጂው፣ ኪኒኑን ግን እንዳያቋርጥ።

ከእጮኛሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ የሁለታችሁንም ቤት የሕመም ታሪክ ጻፉ፤ ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ እንዴት እንደጀመረው፣ የትኛው መድኃኒት እንደተስማማው። ወንድሙ ራሱ ፈቃደኛ ከሆነ ከእሱ አፍ ስሙ። ወረቀቱን ከእርግዝና ክትትል ካርድሽ ጋር አስቀምጪው፤ አንድ ቀን ሐኪም ከጠየቃችሁ የሚጠይቀው መጀመሪያ ይህን ታሪክ ነው።