ጀልባን ከተጎታች ላይ ወደ ውሃ ስለ ማውረድና ከውሃ ስለ ማውጣት

እነዋሪ ከ2600 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በሞረትና ጅሩ ደጋ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለ ሆነች፥ ሐይቅ የላትም። ስለዚህ የጀልባ ነገር ለደጋ ሹም ምን ይረባዋል የሚል ሰው አይታጣም። ነገር ግን የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ በስንዴ አገር ቢያገለግል ነገ ወደ ጣና ወይም ወደ ዝዋይ ዳር ሊዛወር ይችላል። በዚያም የዓሣ ሥራ ጀልባ በኃላፊነቱ ሥር የሆነ እንደ ሆነ፥ አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረው በባሕሩ መካከል ሳይሆን በዳር መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

የጣና ዳር ሰዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፥ ከጉዞ በተመለሱ ጊዜ ወደ የብስ አውጥተው በፀሐይ ያደርቁታል። የብረት ጀልባ እንደ ደንገል አይበሰብስም፤ ዳሩ ግን በተጎታች ተጭኖ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ስለሚዞር፥ የራሱ የሆነ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

1ኛ፤ ስለ ማውረጃው ቦታ። ማውረጃው በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ የተነጠፈ ቁልቁለት ይሁን። ልኩም በ10 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 1 ሜትር ከ50 ሳንቲም ዝቅ የሚል ነው። ከዚህ የለዘበ ከሆነ ጀልባው ሳይንሳፈፍ መኪናው ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከዚህ የከፋ ከሆነ ደግሞ መኪናው ሲወጣ ይንሸራተታል። የጣና ውሃ ከክረምት በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፥ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። ስለዚህ ንጣፉ ውሃው እስከሚጎድልበት ድረስ ካልወረደ፥ በበጋ ጎማው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል።

2ኛ፤ ስለ መሰናዶ። ወደ ጀማ በረሃ የሚወርድ ነጋዴ የአህያውን ጭነት የሚያጠብቀው በአፋፉ ላይ ነው እንጂ በቁልቁለቱ መካከል አይደለም። የጀልባም ሥራ እንዲሁ ነው። ከቁልቁለቱ በላይ ባለው ሜዳ ላይ ቆሞ የውሃ ማፍሰሻው ውታፍ መደፈኑን፥ ሞተሩ ወደ ላይ መነሣቱን፥ የኋላው ማሰሪያ መፈታቱን፥ የመብራቱም ሽቦ መነቀሉን መመርመር ይገባል። የፊቱ ማሰሪያ ግን አይፈታም፤ ጀልባው በደረቅ ንጣፍ ላይ ተንሸራትቶ ይወድቃልና። ደግሞም ረጅም መንገድ የሄደ ተጎታች ኩሽኔታው ስለሚግል ጥቂት ይረፍ። በትኩሱ ውሃ የገባ እንደ ሆነ ውሃው ወደ ውስጥ ይሳባል፥ ግራሶውም ይበላሻል።

3ኛ፤ ስለ ማውረድ። ነጂው በኋላ ማርሽ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ አንድ ሰው ብቻ ከጎን ሆኖ ይምራው፤ ከኋላ ግን ማንም አይቁም። የጀልባው ኋላ ሲንሳፈፍ መኪናው ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ለጎማውም ታኮ ይደረግለት። ከዚያ በኋላ በዳር የቆመው ሰው የጀልባውን ገመድ በእጁ ከያዘ፥ የፊቱ ማሰሪያ ይፈታል።

4ኛ፤ ስለ ማውጣት። ተጎታቹ እንደ ቀድሞው ይወርዳል፥ ጀልባውም ሞተሩ ተነሥቶ በፊቱ በኩል ይቀርባል። ገመዱ በመዘውር ሲጠነጠን በገመዱ መሥመር ላይ ማንም እንዳይቆም፤ የተወጠረ ገመድ የተበጠሰ እንደ ሆነ ሰው ይገድላል። ማሰሪያው ሳይጠብቅ መኪናው አይነሣ።

5ኛ፤ ስለ ማጽዳትና ስለ ማድረቅ። ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ይህ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከሁሉ የሰፋ ነው። እምቦጭ የተባለው መጤ አረም የተገኘው ከደቡብ አሜሪካ ነው። በኢትዮጵያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በጣና ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ታወቀ። በደምቢያና በፎገራ በኩል ባለው ዳርቻ ተስፋፍቶ የዓሣ አጥማጁን መረብ፥ የከብቱን ማጠጫ፥ የገበሬውንም ማሳ ያዘ። አረሙ በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ በተጎታቹ ብረት ላይ የተንጠለጠለ አንድ ቡቃያ ወይም በጎማ ላይ የቀረ ጭቃ ንጹሑን ሐይቅ ሊበክል ይችላል።

ስለዚህ ጀልባው ከወጣ በኋላ፥ ከማውረጃው ራቅ ባለ ሜዳ፥ እነዚህ ሦስት ነገሮች ይፈጸሙ። መጀመሪያ፥ ከጀልባው፥ ከሞተሩ ውልብልቢት፥ ከተጎታቹና ከመረቡ ላይ አረምና ጭቃ ሁሉ ይለቀም። ሁለተኛ፥ ውታፉ ተነቅሎ በውስጡ ያለው ውሃ በዚያው ይፍሰስ፤ ወደ ሌላ ሐይቅም አይወሰድ። ሦስተኛ፥ ሁሉም በፀሐይ ፈጽሞ ይድረቅ። የተለቀመውም አረም ከውሃ ርቆ ይቃጠል ወይም ይቀበር እንጂ ተመልሶ አይጣል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የአንድ ሰዓት ትዕግሥት ነው። በማውረጃው ራስ ላይ እነዚህን ትእዛዞች የያዘ ሰሌዳ የሚያቆምና ጀልባ ሳይታይ እንዳይነሣ የሚያደርግ ሹም፥ የሠራተኞቹን ሕይወትና የሐይቁን ሀብት አንድ ላይ ይጠብቃል። ቸልተኛው ግን በአንድ ቀን ያስገባውን አረም፥ ሺህ ሰው ቢያሰማራ እንኳ በብዙ ዓመት ነቅሎ አይጨርሰውም።