ሊኑክሳችንን ማስተካከልና መጠባበቂያ መያዝ



ውድ እህትና ወንድሞች፣ በዚህ ዕትም የምንማማረው ኡቡንቱንና መሰል የሊኑክስ ሥርዓቶችን ለምትጠቀሙ፣ ወይም ለመጀመር ላሰባችሁ ነው። ዴስክቶፕን እንደ ፍላጎት ማስተካከል ቀላል ነው። ከባዱ፣ ማሽኑ ሲበላሽ ወይም ሲጠፋ ሁሉንም መመለስ ነው። ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ ባሉ ዶርሞችና ኪራይ ቤቶች የመመረቂያ ጽሑፉ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ያለ ተማሪ ብዙ ነው።

1. ሦስት ቋንቋ በአንድ ማሽን

ብዙዎቻችን በአማርኛ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ እንጽፋለን። በኡቡንቱ ሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ የሚለውን ከፍታችሁ አማርኛንና ዐረብኛን ጨምሩ። ከዚያ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ስፔስን አንድ ላይ ስትጫኑ ቋንቋው ይቀየራል። አማርኛን በላቲን ፊደል ድምፁን እየተከተለ መጻፍ የሚመቸው፣ አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅል ጭኖ ሴራ የተባለውን ስልት ይምረጥ። ለግዕዝ ፊደል አቢሲኒካ፣ ለዐረብኛ ደግሞ አሚሪ ጥሩ ፎንቶች ናቸው፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። የግዕዝ ፊደል በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ፣ በዩኒኮድ የጻፋችሁት ጽሑፍ ሌላ ማሽን ላይም ይነበባል።

2. ያስተካከልነው የት ይቀመጣል?

የመረጣችሁት ገጽታ፣ የአቋራጭ ቁልፎቻችሁ፣ የሊብሬኦፊስ ምርጫችሁና ራሳችሁ የጨመራችኋቸው ፎንቶች በአብዛኛው ሆም በተባለው ፎልደራችሁ ውስጥ ናቸው። ግን ተደብቀዋል፤ ስማቸው በነጥብ ይጀምራልና። ፎልደሩን ከፍታችሁ ኮንትሮልና ኤችን ስትጫኑ ይታያሉ። ዋናዎቹ ኮንፊግና ሎካል የተባሉት ናቸው። የሚታዩትን ፋይሎች ብቻ ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው ጽሑፎቹን ያድናል፤ ያስተካከለው ግን ይቀርበታል።

የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ራሳቸው ከሆም ውጭ ናቸው። ስለዚህ የፕሮግራሞቹን ስም በአንድ ፋይል ዘርዝራችሁ ሆም ውስጥ አስቀምጡ።

3. ሁለቱን መሣሪያዎች አናምታታ

ታይምሺፍት የሚመልሰው ሥርዓቱን ነው። አፕዴት ተበላሽቶ ማሽኑ አልነሳ ሲል ይጠቅማል። ነገር ግን ካልቀየራችሁት በቀር የሆም ፎልደርን አይዝም። «ታይምሺፍት አለኝ» ብሎ የተዘናጋ ተማሪ ጽሑፉ አልተያዘለትም ማለት ነው።

ዴጃ ዱፕ ግን ሆምን ከነተደበቁት ፎልደሮች ይይዛል። ዳውንሎድስና ትራሽን ግን አስቀድሞ ስለሚተው፣ ዳውንሎድስ ውስጥ የምትሠሩበት ፋይል ካለ አውጡት። ማሽናችሁ ላይ ከሌለ ከሶፍትዌር ማዕከሉ ይጫናል። በየሳምንቱ ራሱ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል፤ ዲስኩን የምትሰኩበትን ቀን ከጁሙዓ ጋር ብታያይዙት አይረሳም። በይለፍ ቃል መቆለፍም ይቻላል። ዲስኩ የጋራ ከሆነ ቆልፉት፤ የጓደኞቻችሁ ፎቶና መልእክት አማና ነው። የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ግን መጠባበቂያውም አብሮ እንደጠፋ ቁጠሩት።

4. ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ

በሙያው የታወቀው ደንብ ይህ ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለእኛ ሲተረጎም፦ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ደግሞ በኢንተርኔት ማከማቻ ወይም በዘመድ ቤት በተቀመጠ ሌላ ዲስክ። ዲስኩን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ መያዝ ደንቡን ያፈርሰዋል፤ ሌባ ሁለቱንም በአንዴ ይወስዳልና።

«ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ አድርጌአለሁ» ማለትም አይበቃም። ከሰኔ 2012 መጨረሻ ጀምሮ በአገራችን ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ፋይሉ ሳይጠፋ ሊደርስበት አይችልም ነበር። የማስረከቢያ ቀን ደርሶ ቢሆንስ?

5. መልሶ መሞከር

ያልተሞከረ መጠባበቂያ እንዳለ አይቆጠርም። ዴጃ ዱፕን ከፍታችሁ አንድ ፎልደር ምረጡና ወደ አዲስ ባዶ ፎልደር መልሱት። ፋይሉ ይከፈታል? አማርኛውና ዐረብኛው በትክክል ይነበባል? ይህን በየሴሚስተሩ መጀመሪያና ከመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ በፊት አድርጉት።

ተወኩል ሰበብን ከማድረስ ጋር ነው። የዓመታት ልፋታችን፣ ቤተሰብም ከጉሮሮው ቀንሶ ያስተማረን ትምህርት፣ በአንድ ዲስክ ብልሽት መጥፋት የለበትም። የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችን አንድ ነው፦ ከፊታችን ጁሙዓ በፊት አንድ ሙሉ ቅጂ መያዝና አንድ ፋይል መልሶ ማየት። የቻለ ደግሞ አንድ ጀማሪ እህት ወይም ወንድም ያሳይ።

አላህ በዕውቀታችንም በጊዜያችንም በረካ ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።