የሞተር ብሎን እንዴት ይመረጣል?

ተጂ ከሰበታ አልፎ በጅማው መንገድ በኩል ያለች ከተማ ስለሆነች ጋራዥ የሚገባው መኪና ዓይነቱ ብዙ ነው። ጤፍ የሚጭን አይሱዙ፣ ሰው የሚያመላልስ ሚኒባስ፣ የበቾን ዋልካ ሲያርስ የከረመ ማሴ ፈርጉሰን። ሞተር ሲከፈት አንድ ብሎን ይሰበራል፣ ይጠፋል ወይም ጥርሱ ይበላል። ኦሪጅናሉን ፍለጋ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ መሄድ ቀን ይበላል። ስለዚህ ልጅ ወደ ቅርቡ ሱቅ ይላካል፦ «ባለ 14 ብሎን አምጣ!» ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ 14 የቁልፉ ቁጥር ነውና።

ቁልፉ የሚነግረን ጥቂት ነው

በአብዛኞቹ የጃፓን መኪናዎች 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን በ14 ቁልፍ ይፈታል። በሌላ ስታንዳርድ የተሠራው ያው 10 ግን 16 ወይም 17 ቁልፍ ይጠይቃል። የ8 ሚሊ ሜትሩም እንዲሁ በ12 ወይም በ13 ይፈታል። ብሎንን የምናውቀው በግንዱ ውፍረት፣ በጥርሱ ርቀት፣ በርዝመቱና በጥንካሬው ነው።

ጥርስ

ብዙ ሞተር የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ባለ 10 ብሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር ርቀት አለው። የጃፓን ሞተር ላይ በብዛት የምናገኘው ባለ 10 ግን 1.25 ነው። ባለ 8 ብሎን በሁለቱም ዘንድ ብዙውን ጊዜ 1.25 ስለሆነ ከሱቅ የተገዛው ያለችግር ይገባል። መካኒኩ በ8 ያየውን በ10ም ይጠብቃል፤ የሚታለለውም በዚህ ነው።

1.5ቱ ብሎን 1.25 ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች እሺ ይላል፤ ከዚያ ይከብዳል። «ዝገት ነው» ተብሎ ረዘም ያለ እጀታ ሲጨመር ብሎኑ ብረት፣ ቀዳዳው አሉሚኒየም ስለሆነ የሚሸነፈው ቀዳዳው ነው። የብር ጉዳይ የነበረው የቶርኖ ቤት ሥራ ይሆናል። ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፦ የጸዳ ብሎን በጸዳ ቀዳዳ ውስጥ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። ጣት እምቢ ካለ ቁልፍ አታንሱ።

የጥርስ መለኪያ ከሌላችሁ አሮጌውንና አዲሱን ብሎን ጎን ለጎን አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን አንሱ። ጥርሶቹ ሳይዛነፉ ከተጠላለፉ አንድ ናቸው። መቁጠርም ይቻላል፤ በ20 ሚሊ ሜትር ውስጥ 1.25ቱ 16 ጥርስ ሲኖረው 1.5ቱ 13 ገደማ አለው።

የፐርኪንስ ሞተር ያላቸው የቆዩ ማሴ ፈርጉሰኖች ደግሞ በኢንች የተሠሩ ብሎኖች አሏቸው። 5/16 ኢንች 7.94 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን ከባለ 8 አይለይም፤ ጥርሱ ግን ሌላ ነው። የትራክተርና የመኪና ብሎን በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ አይቀመጥ።

ርዝመት

ርዝመት የሚለካው ከጭንቅላቱ ሥር እስከ ጫፉ ነው። አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባው ጥርስ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት አንድ ተኩል ያህል ሊሆን ይገባል፤ ባለ 10 ከሆነ 15 ሚሊ ሜትር። ያጠረ ብሎን ጥርሱን ይዞ ይወጣል። የረዘመ ደግሞ የቀዳዳውን ወለል ነክቶ ይቆማል፤ እጃችን የጠበቀ ይመስለዋል፣ ክዳኑ ግን ላላ ነው። የአንድ ክዳን ብሎኖች ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል ስትፈቱ በካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ሥላችሁ እያንዳንዱን በቦታው ሰኩት። ቀዳዳው ውስጥ የቀረ ውሃ ወይም ዘይትም በደንብ ይጽዳ፤ መውጫ አጥቶ ሲጨመቅ ሞኖብሎክ ይሰነጥቃል።

ጭንቅላቱ ላይ የተጻፈው

8.8፣ 10.9፣ 12.9 የሚሉት ቁጥሮች የጥንካሬ ደረጃ ናቸው። 8.8 ማለት ብሎኑ ለመበጠስ በስኩዌር ሚሊ ሜትር ወደ 800 ኒውተን ይፈልጋል፣ የዚህ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ደግሞ ተስቦ ላይመለስ ይረዝማል ማለት ነው። ቶዮታ ላይ አንዳንዴ 7 ወይም 8 ብቻ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ እሱም ደረጃ ነው። ምንም ያልተጻፈበትን ለሞተር አትጠቀሙ። የማይዝገው የሚያብረቀርቅ ብሎን ዓይን ይስባል፤ ኤ2-70 የሚል ከሆነ ግን 700 ነው፣ ከ8.8 ያንሳል።

የቴስታታና የቢየላ ብሎን

ብሎን ሲጠብቅ እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ ቴስታታውን ጋስኬቱ ላይ ጨምቆ የሚይዘው ለመመለስ የሚያደርገው ጉልበት ነው። በብዙ ያሪስና ኮሮላ ላይ ያለው 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር የቴስታታ ብሎኖቹ በ29 ኒውተን ሜትር ከጠበቁ በኋላ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90 ዲግሪ ይዞራሉ። በዲግሪ የሚጠብቁ ብሎኖች ብዙዎቹ ተስበው መመለስ እስከሚችሉበት ጫፍ ይሄዳሉ። ማኑዋሉ «ለካ» ካለ በካሊፐር ይለካሉ፣ «ቀይር» ካለ ይቀየራሉ። ዳዶ በጣት ብሎኑ ላይ አሂዱበት፤ መሀል ላይ ከያዘ ብሎኑ ተስቧል፣ ይጣል።

ለቶርክ ሬንች ከምንሰጠው ጉልበት አብዛኛው በጥርስና በጭንቅላት ሥር ባለው ሰበቃ ያልቃል፤ ለመጨመቅ የሚተርፈው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ማኑዋሉ «ዘይት ቀባ» ሲል ይቀባ፣ «በደረቁ» ሲል በደረቁ ይታሰር።

የቢየላ ብሎን ሲበጠስ ቢየላው ሞኖብሎኩን ቀድዶ ሊወጣ ይችላል፤ ይህ ሰው በሞላ ሚኒባስ ላይ መድረስ የለበትም። ለቴስታታ፣ ለቢየላ፣ ለኮሎና ለቮላኖ ኦሪጅናሉን ጠብቁ፤ መኪናው ሁለት ቀን ቢቆምም ይቁም። ለቫልቭ ክዳን ወይም ለዲናሞ ማሰሪያ ልኩና ደረጃው ከተመሳሰለ የሱቁ ይበቃል።

ሰው አዲስ አበባ ስትልኩ

አሮጌውን ብሎን፣ ቢሰበርም ሁለቱንም ቁራጭ፣ አስይዙት። ከጠፋ ጎረቤቱን ፍቱና ስጡት። በወረቀት ላይ የሞተሩን ኮድ፣ ብሎኑ የየት እንደሆነና ልኩን እንዲህ ጻፉለት፦ 10 × 1.25 × 45፣ ደረጃ 8.8።