ተቀባይነት ማግኘት ብቻውን በቂ ነውን?



ወላጅ ልጁን ለማስተማር የማይከፍለው መስዋዕትነት የለም። ይሁንና መስዋዕትነቱ በስሌት ካልተመራ ቤተሰብን ለዕዳ፣ ተማሪውንም ከመንገድ ለመቅረት ይዳርጋል። በተለይ ወደ አሜሪካ ውድ ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከት የሚነሱ ልጆቻችን ሁለት ጥያቄዎችን ለይተው መመርመር ይኖርባቸዋል። አንደኛው «ይቀበለኛልን?» ሲሆን ሁለተኛው «ቢቀበለኝስ እስከ ምረቃ መክፈል ይቻለናልን?» የሚለው ነው።

የመጀመሪያውን ለመመለስ ሀርቫርድን በምሳሌነት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2023 ትምህርት ለመጀመር ካመለከቱት 56,937 ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲው የተቀበለው 1,942ቱን ብቻ ነበር። ከመቶው አመልካች አራት እንኳ አልሞላም ማለት ነው። ከቀሩትም መካከል በየትምህርት ቤታቸው አንደኛ የወጡ እጅግ ብዙዎች ነበሩ። አንዳንዶች «እንዲህ ላሉ አሥር ዩኒቨርሲቲዎች ባመለክት ዕድሌ አሥር እጥፍ ይሆናል» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። አሥሩም የሚያነቡት ያንኑ አንድ ውጤትና ያንኑ አንድ ማመልከቻ ነውና፣ አንዱ ዘንድ ያላጠገበው ፋይል ሌላውም ዘንድ ላያጠግብ ይችላል።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የ2024/25 የትምህርት ክፍያ 56,550 ዶላር ነበር። መኝታ፣ ምግብና ልዩ ልዩ ክፍያ ሲጨመር ወደ 82,866 ዶላር ይደርሳል። በአራት ዓመት ሲባዛ 331,464 ዶላር ነው፤ ያውም የየዓመቱ ጭማሪ፣ መጽሐፍና የአውሮፕላን ቲኬት ሳይታሰብ። እንዲህ ያለ ዋጋ ያለው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ግማሹን ቢሸፍን እንኳ የቀረው ግማሽ በዓመት ከ40,000 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ አገኘ» ሲባል መጠየቅ ያለበት የተሸፈነው ሳይሆን የቀረው ስንት ነው የሚለው ነው።

ብር የሚያገኝ ቤተሰብ ደግሞ ሌላም ስጋት አለበት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። ክፍያው በዶላር ምንም ባይጨምር እንኳ የአባት ሸክም እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

«እዚያ ሠርቶ ይከፍላል» የሚለውም ተስፋ ጠባብ ነው። በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከግቢ ውጭ እንዲሠራ አይፈቀድለትም፤ በግቢው ውስጥም ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት አያልፍም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የተማሪ ድጎማም እርሱን አይመለከተውም። ከዚህም በላይ የቪዛውን ቅጽ ለማግኘት ቢያንስ የአንድ ዓመት ወጪ መሸፈን እንደሚችል በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ሁለቱ ጥያቄዎች የሚገናኙበት ቦታም አለ። ሀርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ. እና አምኸርስት የውጭ አገር አመልካችን ጭምር የገንዘብ አቅሙን ሳያዩ መርጠው፣ ለተቀበሉት ችግሩ በተረጋገጠ መጠን ይሸፍናሉ። በዚህም ምክንያት ለድሃ ቤተሰብ በወረቀት ላይ እጅግ ውድ የሆነው ከሁሉ ርካሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ግን ለመግባት ከሁሉ ከባዱም እርሱ ነው። ከእነዚህና ከጥቂት መሰሎቻቸው በቀር አብዛኞቹ የውጭ አመልካችን ሲመርጡ አቅሙን ያያሉ። ድጎማ መጠየቅ ዕድልን ሊያጠብ ይችላል።

እንግዲህ «አቅም አለን ብለን ሞልተን፣ ከገባ በኋላ እንጠይቃለን» የሚል ፈተና ይመጣል። ይህ በመጀመሪያ ደረጃ ውሸት ነው። በሁለተኛ ደረጃ ብዙዎቹ ሲያመለክት ድጎማ ያልጠየቀን የውጭ ተማሪ በኋላ አይቀበሉትም። መጨረሻው በሁለተኛው ዓመት ያለ ዲግሪ መመለስ ይሆናል።

የወለድ ብድርስ? ሪባ ሐራም መሆኑ ለአንባቢያችን የተሰወረ አይደለም። ሐላል መንገድ ግን አልጠፋም። የኢስላም ልማት ባንክ እ.ኤ.አ. በ1983 አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊሞች የጀመረው ስኮላርሺፕ ለተማሪው ወለድ አልባ ብድር፣ ማለትም ቀርድ ሐሰን፣ ሆኖ ተመላሹ ለተከታዮቹ እንዲውል የታሰበ ነበር። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕም የትምህርት ክፍያን፣ መኝታንና የወር ድጎማን የሚሸፍን ሲሆን ለማመልከት ክፍያ አይጠይቅም።

ስለሆነም ቤተሰብ ማመልከቻ ከመሞላቱ በፊት ይመካከር። ቤት ወይም ሱቅ ሳይሸጥ በየዓመቱ ሊወጣ የሚችለውን ገንዘብ ወስኖ ይጻፈው። ከዚያም ልጁ ዕድሉ ጠባብ ለሆነ አንድ ሁለት ቦታ፣ ዕድሉም ዋጋውም ለሚመጥኑት ጥቂት ቦታዎች፣ እንዲሁም ያለ ጥርጥር ለሚገባበትና ለሚከፍልበት ቢያንስ አንድ ቦታ ያመልክት። ይህ የመጨረሻው በወጪ መጋራት የሚማርበት የአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ነውር የለበትም። የተጻፈውን ወሰን የሚያልፍ የመቀበያ ደብዳቤ ቢመጣ፣ የዩኒቨርሲቲው ስም የቱንም ያህል ቢገን፣ «አይሆንም» ለማለት መድፈር ያስፈልጋል።

አላህ ልጆቻችንን ለጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቃቸው። አሚን።