«ማወቅ» እና «መከታተል»፦ የወላጆችን የኮምፒውተር ክትትል ስለ መለካት

በጉርምስና ዕድሜ የሚገኝ ልጅ በቤት ኮምፒውተር ምን እንደሚሠራ ወላጆቹ ማወቅ ይገባቸዋል በሚለው አሳብ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሣው ዕውቀቱ በምን መንገድ ይገኝ በሚለው ላይ ነው። የሥነ ልቦና ጥናቶች ለረጅም ጊዜ ሁለቱን ጉዳዮች እንደ አንድ ቆጥረው ሲለኩ ቆይተዋል። «ወላጆችህ ከትምህርት በኋላ የት እንደምትውል ያውቃሉ?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ «የወላጅ ክትትል» በሚል ስም ይመዘገብ ነበር። ልጁ ራሱ ነግሯቸው ይሁን፣ ጠይቀውት ይሁን ወይም በስውር ሰልለውት፣ መጠይቁ አይለይም።

ይህን ጉድለት በግልጽ ያሳዩት በስዊድን የ14 ዓመት ልጆችንና ወላጆቻቸውን ያጠኑት ሆካን ስታቲንና ማርጋሬት ከር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሟቸው ሁለት ጽሑፎች ለወላጅ ዕውቀት ሦስት ምንጮችን ለይተዋል፤ ልጁ በገዛ ፈቃዱ የሚናገረውን፣ ወላጅ ጠይቆ የሚያገኘውን፣ እንዲሁም ወላጅ በሚያደርገው ቁጥጥር የሚደርስበትን። ከወላጅ ዕውቀት ጋር እጅግ ጠንካራ ዝምድና የታየበት የልጁ ንግግር ነበር። በአንጻሩ ልጁ «ቁጥጥር በዝቶብኛል» የሚለው ስሜት ከጠባይና ከስሜት ችግሮች ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ የወላጅ ቁጥጥርም ከመልካም ውጤት ጋር የተዛመደው ይህ ስሜት በስሌት ከተነጠለ በኋላ ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ዝምድና ምክንያትን አያረጋግጥም። የሚደብቀው ነገር ያለው ልጅ አስቀድሞም ዝም ይላል።

የቤት ኮምፒውተር በእነዚህ ምንጮች ላይ ማሽኑ ራሱ የሚመዘግበውን ይጨምራል። ይህ መዝገብ ወላጅ ልጁን አንዲት ቃል ሳይጠይቅ የሚያነበው በመሆኑ ሙሉ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን አይደለም። የኢንተርኔት ማሰሻ ታሪክ የገጾችን ርእስና ሰዓት ያሳያል፤ ልጁ በግል መስኮት ከተጠቀመ ደግሞ ይህም አይቀመጥም። ግንኙነቱ በተመሰጠረ ጊዜ በራውተሩ በኩል የሚታየው በአብዛኛው የድረ ገጹ ስም እንጂ የተነበበው ገጽ አይደለም። ቁልፍ የሚቀዳ ሶፍትዌር የተጻፈውን ይይዛል፤ ለምን እንደተጻፈ ግን አይናገርም። ለምሳሌ አንዲት ልጅ ስለ እርግዝና ምልክቶች ብትፈልግ፣ ለራሷ ይሁን ለጓደኛዋ ወይም ለባዮሎጂ ትምህርቷ ከመዝገቡ አይታወቅም። ይህን ለይታ ልትነግር የምትችለው ልጅቱ ብቻ ናት፤ መሰለሏን ካወቀች ደግሞ የመናገር ፍላጎቷ ሊቀንስ ይችላል።

በብሪታኒያ ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ልጆች መረጃ የተነተኑት ሶኒያ ሊቪንግስተንና ኤለን ሄልስፐር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ልጆች በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር የሚያደርጉትን ግንኙነት መገደብ ከአደጋ መቀነስ ጋር ተያይዞ አግኝተውታል። ሌሎቹ ዘዴዎች፣ በሰፊው የሚመከረው አብሮ መጠቀም ጭምር፣ የግድ ውጤታማ ሆነው አልታዩም። ስለዚህ የስዊድኑን ግኝት «ገደብ ሁሉ ከንቱ ነው» ብሎ መተርጎም ስሕተት ይሆናል። ጁዲት ስመታና የሠራችበት የጉዳዮች ክፍፍል እዚህ ላይ ይረዳል፤ ታዳጊዎች ደኅንነትን በሚመለከቱ ነገሮች የወላጅን ሥልጣን ይበልጥ ይቀበላሉ፣ የግል በሚሏቸው ግን ይቃወማሉ። ከማያውቁት ሰው ጋር ቀጠሮ መያዝና ከጓደኛ ጋር መጨዋወት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ቢከናወኑም በልጁ ዓይን አንድ ዓይነት ጉዳይ አይደሉም።

መጠይቁን ወደ አማርኛ ለሚመልስ ተመራማሪ ችግሩ ይከብዳል። ሐኪም በሽተኛውን ይከታተላል፣ ተማሪ ትምህርቱን ይከታተላል፣ ፖሊስም ተጠርጣሪን ይከታተላል። «ወላጆችሽ የኮምፒውተር አጠቃቀምሽን ይከታተላሉ?» ተብላ የተጠየቀች ልጅ የትኛውን እንደሰማች ከመልሷ ማወቅ አይቻልም፤ አንዷ እንክብካቤን ቆጥራ «አዎ» ስትል ሌላዋ ስለላን ቆጥራ «አዎ» ልትል ትችላለች። ሁለቱ በአንድ አማካይ ውጤት ሲደመሩ ዝምድናው ሊደበዝዝ፣ እንዲያውም ሊጠፋ ይችላል። የሚሻለው ድርጊቱን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ነው፤ «የጎበኘሻቸውን ገጾች ዝርዝር ይከፍታሉ?»፣ «የይለፍ ቃልሽን ያውቃሉ?»፣ «ያየሽውን ሳይጠይቁሽ ትነግሪያቸዋለሽ?»። ክትትሉ በልጁ ዕውቀት ወይም በስውር መሆኑም ለብቻው መመዝገብ አለበት። ኮምፒውተሩ የሚገኝበት ቦታ፣ ከስንት ሰው ጋር እንደሚጋሩትና ልጁ የራሱ ስልክ ያለው መሆኑም ቢጨመር ይበጃል። ስልክ ያለው ልጅ የቤቱ ኮምፒውተር ሲጠበቅበት ወደዚያ ሊዞር ይችላልና።

ከመለካት ያልተናነሰ የሥነ ምግባር ጥያቄም አለ። ተመራማሪው ወላጅን ስለ ስውር ክትትል፣ ልጅን ደግሞ መዝገብ ስለ ማጥፋት በሚጠይቅበት ቤት፣ የአንዱን ምስጢር ለሌላው የማሳለፍ አደጋ አለ። ልጁ ያልጠረጠረውን ሶፍትዌር ከጥያቄው አነጋገር ሊረዳ ይችላል። ሁለቱን በተለያየ ክፍል ማነጋገር ብቻውን በቂ አይሆንም፤ ለልጁ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ወላጁ በሰጠው መልስ ላይ ተመሥርተው መለወጥ የለባቸውም፣ የተሞላውም ቅጽ በቤቱ መቆየት የለበትም።