ክብ መጋዝና የነጋዴው ሒሳብ፤ ደቂቃ ለማትረፍ ጣት አይከፈልም

በፒያሳ አንድ ሱቅ ሲታደስ ቀድሞ የሚጠራው አናጢ ነው። መደርደሪያውም ባንኮኒውም ከጣውላ፣ ከኮምፔንሳቶ ወይም ከኤም ዲ ኤፍ ተቆርጦ ይሠራል። ከፒያሳ ብዙ የማይርቀው ሠራተኛ ሠፈር ስሙን ያገኘው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከሠፈሩበት የእጅ ባለሙያዎች ነው። ያኔ በእጅ ይገዘገዝ የነበረው እንጨት ዛሬ በአመዛኙ በእጅ በሚያዝ ክብ የኤሌክትሪክ መጋዝ ይቆረጣል። መሣሪያው ሥራ ያፋጥናል፤ በአግባቡ ካልተያዘ ግን ጣት ይወስዳል። ኪሳራው ደግሞ የአናጢው ብቻ ሳይሆን የአሠሪውም ነው።

ሕጉ የሚለው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስገነዝብ ያዛል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። የጡረታ ሕግ የማይሸፍነው ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ሲደርስበት ካሣው የአምስት ዓመት ደመወዙ ነው። ለምሳሌ በወር 6,000 ብር ለሚከፈለው ሠራተኛ 360,000 ብር ይሆናል፤ ጉዳቱ ከፊል ሲሆን ካሣው በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ መመሪያን በጽሑፍ ሰጥቶ ማስፈረም ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

የመጋዙ ጠባይ

ዲያሜትሩ 185 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር ጥርሱ በሰዓት 174 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። እንጨቱ ዲስኩን ቆንጥጦ ከያዘው መጋዙ እንደ በቅሎ ወደ ኋላ ይራገጣል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ጣውላው በሁለቱ ጫፎች ብቻ ተደግፎ መሐሉ ሲቆረጥ ነው፤ እንጨቱ ይጎብጥና ቁርጡ ይዘጋል። መፍትሔው ጣውላውን ከቁርጡ አጠገብ ደግፎ ተቆራጩ ጫፍ በነፃ እንዲወድቅ ማድረግ ነው። ሙሉ ኮምፔንሳቶ ሲቆረጥ ከሥሩ ብዙ ርብራብ ይደረጋል። ቆራጩ በቁርጡ መስመር ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይቆማል፤ መጋዙንም በሁለት እጁ ይይዛል።

ከመቁረጥ በፊት

አንደኛ፣ የታችኛው ሽፋን በራሱ ኃይል ተመልሶ ዲስኩን መክደን አለበት። ሥራ እንዲፈጥን በሽቦ አስሮ ክፍት መተው ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፣ ዲስክ ሲቀየር ወይም ጥልቀት ሲስተካከል ሶኬቱ ይነቀላል። ጥርሱ ከእንጨቱ በታች ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢወጣ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ በዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር መጠን ከመጋዙ ዙር ማነስ የለበትም። ለጣውላ 24 ጥርስ፣ ለኮምፔንሳቶ 40 እና ከዚያ በላይ ይመረጣል። የእንጨት ዲስክ በግራይንደር ላይ መግጠም ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል።

አራተኛ፣ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በርካታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ የሚገዛ ሁሉ ሚስማሩን አስነቅሎ ያስቆርጥ፤ ሚስማር የመታ ጥርስ ተሰብሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። መነጽር ግዴታ ነው፤ የተንጠለጠለ ሻርፕና ሰፊ እጅጌም ይወገዳል።

ሲቆረጥ

ዲስኩ ሙሉ ፍጥነቱን ሳይዝ እንጨት አይነካም፤ መዞሩን ሳያቆምም መጋዙ አይቀመጥም። ዲስኩ ከተያዘ ማብሪያው ይለቀቃል እንጂ እየዞረ ወደ ኋላ አይጎተትም። መብራት ከጠፋም ሶኬቱ ይነቀል፤ ማብሪያው እንደ ተቆለፈ መብራት ከመጣ መጋዙ በራሱ ይነሣል። ጥርሱ ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የእንጨቱ መልካም ገጽ ወደ ታች ይደረጋል፤ ይህም ውድ ቦርድ ከመሰንጠር ያድናል።

ነጋዴው ከአናጢ ጋር ሲዋዋል ዋጋ ብቻ ሳይሆን መጋዙንም ይይ። ሽፋኑ የታሰረ፣ ገመዱ የተላጠ ከሆነ ርካሽ የመሰለው ዋጋ ርካሽ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥንቃቄው የሚቀድመው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው።