ጀመዓዎች ሲዋሃዱ አማናው አይቀላቀል



በአንድ ሰፈር ሁለት የበጎ አድራጎት ጀመዓዎች አሉ እንበል። አንዱ የቲሞችን ያስተምራል፤ ሌላው ሕሙማንን ያሳክማል። ሁለቱም ቢሮ ይከራያሉ፤ የሚያንኳኩት በር ግን የዚያው ነጋዴ ነው። አንዱ ቤተሰብ ከሁለቱም ሲረዳ ጎረቤቱ ከሁለቱም መዝገብ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን መዋሃድ ኸይር ነው፤ በበጎ ሥራ መተባበር ታዘናልና።

ነገር ግን ቢሮ እንደሚቀላቀለው አማና አይቀላቀልም። ከመፈራረማችሁ በፊት ካዝናው ውስጥ ያለውን ለዩት።

1. ዘካ፦ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ የዘካ ተቀባዮችን በ8 ወስኗቸዋል። የቲም የቲም ስለሆነ ብቻ ዘካ አይገባውም፤ በቂ ውርስ ያለው የቲም አለና። ታማሚም ቢሆን ችግረኛነቱ ይታያል። ስለዚህ ዘካ የራሱ ሂሳብ ይኑረው። ስብሰባው ወራት ቢፈጅ እንኳ ዘካው አይጠብቅ፤ ለባለ ሐቁ ይድረስ።

2. በኒያ የተለየ ሶደቃ፦ አንዲት እናት "ይህ ለየቲም ደብተር ይሁን" ብላ ከሰጠች፣ ለመድኃኒት መግዣ ከማዋላችሁ በፊት ጠይቋት። ወኪሏ እንጂ ባለቤቱ አይደላችሁም። "ባያችሁት ኸይር አውሉት" ተብሎ የተሰጠ ግን ሰፊ ነው።

3. ወቅፍ፦ ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር መሬት ባገኙ ጊዜ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማክረው ወቅፍ አደረጉት። መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ በስጦታ እንዳይሰጥ፤ ጥቅሙም ለድሆች፣ ለዘመዶች፣ ለመንገደኞችና ለሌሎችም እንዲውል ወሰኑ። አስተዳዳሪው በአግባቡ ይብላ እንጂ ሀብት አያከማችበት አሉ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እንግዲህ ለየቲሞች ትምህርት ወቅፍ የተደረገ ሱቅ ካላችሁ፣ የሰጠው ሰው ሞቶ ከሆነ ፈቃዱን የሚቀይርላችሁ የለም። አዲሱ ጀመዓ ሱቁን ከነሸርጡ ይረከባል።

በየወሩ ድጋፍ የተገባላቸውንም አትርሱ። ስም ዝርዝሩ ሲገለበጥ አንዲት መበለት ብትዘለል፣ ለእሷ ውህደቱ ማለት የአንድ ወር ቀለብ ማጣት ነው።

ሰጪዎችም ጠይቁ፤ "የሰጠሁት የት ደረሰ?" ማለት ሐቃችሁ ነው። የኮሚቴ አባላት ሆይ! ከሁለት ሊቀመንበሮች አንዱ መውረዱ አይቀርም። ሥራው ለአላህ ከነበረ ወንበሩን መልቀቅ አይከብድም።

አላህ እጃችንን ያዋህድልን፤ አማናችንንም ያስጠብቀን። አሚን። ጁሙዓ ሙባረክ።